ሽማግሌ የላከብኝ ትምህርት ቤት

በጣሊያን ጊዜ እንግሊዝኛ የማወራው ከላማችን ጋር ብቻ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ፣ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሆኜ የምማርበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔም ዓባይን ተሻግሬ፣ በደጀን በኩል አድርጌ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወዳለው ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። ከተማው በጣሊያን እጅ ነው። እንግሊዝኛ ታውቃለች መባል ስለሚያስጠረጥር እናቴ ቋንቋዬን እንደ ጠመንጃ እንድደብቀው አዘዘችኝ። ያወቁትን ይዞ ዝም ማለት ግን እንዴት እንደሚያሳክክ የደረሰበት ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ላሟን ሳልብ በእንግሊዝኛ እንደምን አደርሽ እላታለሁ፤ እሷም ጆሮዋን ታወዛውዛለች። ሌላ ተማሪ አልነበረኝም።

ሥራው የመጣልኝ በአንድ ሲራራ ነጋዴ አፍ ነው። ከየጁቤ ገበያ በቅሎዎቹን ጭኖ ሱዳን ድረስ የሚመላለስ፣ ሚስቱንም አስከትሎ የሚጓዝ ሰው ነበር። ገዳሪፍ የተሰደዱ ያገራችን ሰዎች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከፍተው፣ እንግሊዝኛን በአማርኛ እያስረዳች የምታስተምር ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ የምትኖር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ የኔን ነገር አንስታላቸዋለች። ማደሪያም ደመወዝም አለ፤ መንገዱንም ከነጋዴው ሚስት ጋር እሄዳለሁ። መልእክቱ ይኸው ነበር።

ጣጣው ነጋዴው መልእክቱን ባደረሰበት አኳኋን መጣ። የዝናብ ማግስት ስለነበር እግሩ ጭቃ ነው፤ ይቸኩላልም። ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ ቢባል እንቢ ብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። እንደቆመም፣ «ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣን» አለ። ባገራችን ቁጭ በል ሲባል እንቢ ብሎ ቆሞ የሚናገር እንግዳ፣ ልጅ ለመጠየቅ የተላከ ሽማግሌ ነው። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ትምህርት ቤቱ የተነገረውን ሁሉ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጅቷ ገና ልጅ ናት። ቤተ ዘመድ ሳላማክር የምሰጠው ቃል የለኝም» አሉ።

ነጋዴው አመስግኖ ሄደ። ቤታችን ግን በደስታ ሞቀ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ከተባለ ልጅቷ የተጣለች ትመስላለች፤ ስለዚህ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። እናቴ ለሁለተኛው መምጣቱ ጠላ ጠነሰሰች።

ቤተ ዘመዱም እውነት ተሰብስቦ መከረ። ዘር በመቁጠር የታወቀው የእናቴ ወንድም፣ እንግሊዝ የማን ልጅ እንደሆነ እንድነግረው ጠየቀኝ። የማውቀውን ያህል ስለ ንጉሦቻቸው ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ወደ ላይ ቆጠረ፣ ወደ ታች ቆጠረ። በመጨረሻ፣ «እስከ ሰባት ቤት አንነካካም። በዚህ በኩል የሚከለክል ነገር የለም» አለ።

«አማት የሌለበት ቤት ነው» አለች የአባቴ እህት። «እኔ ብሆን ዛሬውኑ እሄድ ነበር።»

«ቆላ ነው» አለች እናቴ። «ወባው አይምርም።»

እኔ ጥግ ይዤ ጥጥ እፈትላለሁ። ትሄጃለሽ ወይ ብሎ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሙሽራ አትጠየቅማ። እኔም አንዴ ልሂድ፣ አንዴ ልቅር እላለሁ። አስተምሬ አላውቅም፤ ላሟም ብትሆን አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። የረሳሁት እንግሊዝኛ ከማስታውሰው ይበልጥ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። እናቴን ትቼ መሄድ ያስፈራኛል። ደግሞ ሰው ሁሉ በመከራ ላይ ሳለ መሄድን መመኘቴ ያሳፍረኛል። ግን እመኛለሁ። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም ይታየኝና እንዝርቴ ከእጄ ይወድቃል።

እንዲህ ስንመክር ሰንብተን፣ አንድ ቀን የአባቴ እህት ገበያ ውላ መጣች። ነጋዴው ጭነቱን እያሰናዳ ነው፤ በማግስቱ ይነሳል፤ ለሰውም «አባትየው እንቢ አሉኝ» ብሎ ተናግሯል።

«እኔ መች እንቢ አልሁ?» አሉ አባቴ። «እንደ ደንቡ መለስሁት እንጂ።»

እኔ ክው አልኩ። ወባውም፣ እናቴም፣ ላሟም ባንድ ጊዜ ከሐሳቤ ወጡና መሄድ እንደምፈልግ ያን ጊዜ ለየልኝ። አባቴ ፊቴን አይተው እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ንጹሑን ጋቢ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። አጎቴ ደነገጠ። የሴት ልጅ አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሲለምን ታይቶ አይታወቅም። በማግስቱ ማለዳ ግን ሁለቱ ከፊት፣ እኔ ጨው ልገዛ ነው ብዬ ከኋላ፣ የጁቤ ወረድን።

ነጋዴው በቅሎ ሲጭን ደረስን። ሚስቱ ቁርበት አነጠፈችላቸው፤ ሁለቱም አልቀመጥ አሉ። ነጋዴው ቆመው የቀሩትን ሽማግሎች አየ፤ ደጃፋችን ላይ ራሱ እንዴት እንደቆመ ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ ጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ።

«ልጃችንን ልንሰጥዎ መጣን» አሉ አባቴ።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። «በቅሎዎቼ ገና ልጆች ናቸው። ሳላማክራቸው የምሰጠው ቃል የለኝም።»

አባቴ ሳይቆጡ እጅ ነሥተው ተመለሱ። ገበያውን ዞር ዞር ብለው፣ የማይገዙትን በርበሬ ዋጋ ጠይቀው፣ እንደገና መጥተው ቆሙ። እንደገና ተመለሱ። ሰው ሥራውን ትቶ ያያቸው ጀመር። በሦስተኛው ግን ነጋዴው የያዘውን ጠፍር ለቀቀና፣ «ለመሆኑ ልጅቷ ራሷ መሄድ ትፈልጋለች?» አለ።

አባቴና አጎቴ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«እሄዳለሁ» አልኩ፣ ጥያቄው ሳያልቅ ማለት ይቻላል።

አባቴ ያን ጊዜ መሬት ላይ ካለ ኮርቻ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «ሙሽራ እንኳ ትንሽ ታለቅሳለች» አሉ። እኔ እየሳቅኩ ነበር፤ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ወግ እንዳይጎድል ብለው፣ «መልሷን እኔ እጠራለሁ። ሙክት አስሬ እጠብቃለሁ» ሲሉ ለነጋዴው ቃል ሰጡ።

ጣሊያን ወጥቶ ስመለስ ሙክቱ አለ። ፋሲካ ሲመጣ ይታረድ ያሉትን ሁሉ አባቴ እንቢ ብለዋል። ጣሊያኖች በግ ሲሰበስቡም አባቴ የራሳቸውን ጠመንጃ ከደበቁበት ዋሻ ወስደው ሸሽገውታል። ሲታረድ ታዲያ ሥጋው እንደ ጠፍር ነበር። አጎቴ ድርሻውን ትንሽ ታገለና ለውሻ ጣለው። የአባቴ እህት መረቁን ብቻ ጠጣች። አባቴ በቀሯቸው ጥርሶች እያላመጡ፣ «ለስላሳ ነው» አሉ። እኔም ለስላሳ ነው አልኩ።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ ሊከፈት የታሰበው ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደሚፈልግ ይወራ ነበርና አባቴ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ሰዎቹ የመጡ እንደሆነ ምን ልበላቸው?»

እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የማይላመጠውን ሥጋ በግድ ዋጥኩት።

«በመጀመሪያው ቀን» አልኳቸው፣ «ልጅቷ ገና ልጅ ናት ይበሏቸው።»