የሊቀመንበሩ ከንፈር

ሰፈሩ «ጋሽ አንዴ» ይለዋል። «አንዴ ቀና በል፣ አንዴ ጎንበስ በል፣ አንዴ ዓይንህን ጨፍን» እያለ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፀጉር ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውሰው ባለቤቱ ብቻ ናት፤ እሷም ካልተቆጣች አትጠራበትም።

ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር፣ አንድ የእንጨት አግዳሚና አንድ አኳሪየም አለው። አኳሪየሙ የመጣው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ጊዜ ነው። ወረፋ የሚጠብቁ ደንበኞች የሚያዩት አጥተው እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ ጋሽ አንዴን ነገሩ አላማረውም። ወጣ ብሎ ከአንዲት ዓሣ ሻጭ ዘንድ መዳፍ የሚያክል፣ ግንባሩ ያበጠ ብርቱካናማ ዓሣ ገዝቶ ተመለሰ። ዓሣው ደረቱን ነፍቶ ከጥግ ጥግ ሲመላለስ ያየ አንድ ደንበኛ፣ ይሄማ ስብሰባ ሊከፍት ነው አለ፤ በዚያው ሊቀመንበር ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቴሌቪዥኑ የጠየቀ የለም። እንዲያውም ፀጉራቸው ሳያድግ ጎራ የሚሉ አሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሽ አንዴ ምግብ ሲበትንለት ሊቀመንበሩ ወደ ላይ መጣ፤ ፍርፋሪዋን ጎረሰና መልሶ ተፋት። ደግሞ ጎረሰ፣ ደግሞ ተፋ። ጋሽ አንዴ መነጽሩን አጥልቆ ጎንበስ ሲል፣ የዓሣው የላይኛው ከንፈር ተልጦ ነጭ ሥጋ ይታያል።

የማንንም ጆሮ ሳይቆርጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ እጅ ወደ መደርደሪያው ተዘረጋ። ለቁስል የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ስፒሪት። ምላጭ ጫር ያደረገውን አገጭ ሁሉ በስፒሪት ጠርጎ «አለቀ» ይላል። ጠርሙሱን ከፍቶ ውሃው ላይ ሊያዘነብል ሲል፣ የረሳውን ምሳ ዕቃ ይዛ የገባችው ባለቤቱ እጁን ቀብ አደረገችው።

«የሚተነፍሰው እኮ ይሄንኑ ውሃ ነው። አንተን ስፒሪት ውስጥ ብነክርህ ትወዳለህ?»

ተወው። ይልቅ ጥፋቱን በድንጋዮቹ ላይ አላከከና አንድ በአንድ አውጥቶ እየዳሰሰ ሹል የመሰሉትን ጣለ። ደንበኞቹም ወሬ አገኙ። አንዱ ማር ቀባው አለ፤ ሌላው ጥርሱ ይሆናል፣ ይነቀል አለ፤ ሦስተኛው ሊቀመንበር አፉን ሲያመው ስብሰባው ቶሎ ያልቃል ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ጋሽ አንዴ ግን አልሳቀም። ማክሰኞ ዓሣው አልበላም። ረቡዕ ከንፈሩ ይባስ አበጠ። ሐሙስ አንድ ጥግ ይዞ ቀረ፤ እንዲህ ከቀጠለ በረሃብ መሞቱ ነው። ጋሽ አንዴም የራሱን ምሳ እንደ ተከደነ ቤት መለሰው። ባለቤቱ ክዳኑን ከፍታ አየችና ዓሣ ሻጯ ጋ ደውላ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈችለት። ተያይዘውም ወደ ፀጉር ቤቱ ተመለሱ።

ዓሣ ሻጯ ስለ ውሃው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ድንጋዩ ጠየቀችው። እየተራመደ ሁሉንም መለሰ። በመጨረሻ፣

«ጋሼ፣ አጠገቡ መስታወት አለ?» አለችው።

«የኔ ልጅ፣ ፀጉር ቤት እኮ ነው። ከመስታወት ሌላ ምን አለ?»

«ዓሣው ራሱን የሚያይበት ማለቴ ነው።»

ጋሽ አንዴ ፀጉር ቤቱ ገብቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ደንበኞች ማጅራታቸውን እንዲያዩበት ብሎ፣ ከወንበሮቹ ኋላ አንድ ትልቅ መስታወት ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። አኳሪየሙ በዚያ ውስጥ ሁለት ሆኖ ሲታይ ደስ ስላለው አስጠግቶ፣ ደግሞ አስጠግቶ አስቀምጦት ነበር። አሁን ስልኩን ሳይዘጋ በዓሣው ቁመት ልክ ተንበረከከ። ከወዲያ በኩል ግንባሩ ያበጠ፣ አፉ የቆሰለ ሌላ ዓሣ አፍጥጧል። ሊቀመንበሩ ለካ አምስት ቀን ሙሉ ወንበሩን ሊነጥቀው ከመጣ ባላጋራ ጋር በአፉ ሲጋጭ ነው የከረመው።

«አለ» አላት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እኔው ነኝ ያመጣሁበት።»

«አይዞዎት ጋሼ። ከንፈር ይድናል።»

መስታወቱ ያኔውኑ ወረደ። ዋናው መድኃኒት ንጹሕ ውሃ ነው ስላለችው፣ በየቀኑ ሩቡን እየቀዳ በባልዲ ያደረ ውሃ ይተካለት ጀመር። ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ከበቀለ ግን ቶሎ እንዲደውል አስጠንቅቃዋለች፤ ስለዚህ በቀን ስምንት ጊዜ እያጎነበሰ ጥጥ ይፈልጋል። ባለቤቱ ደግሞ ለቆሰለ አፉ እንዲመቸው አተር እስኪላም ቀቅላ፣ ልጣጩን ገፍፋ፣ አድቅቃ አመጣች።

«እኔን እንዲህ አብልተሽኝ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አንተ እንደሱ ዝም ብለህ ታውቃለህ?»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ አናጺ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ግማሽ ጢሙ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ውስጥ ነው። ጋሽ አንዴ ምላጩን ጠርጎ ዞር ሲል ሊቀመንበሩ ከጥጉ ወጣ። ወደ አተሩ ቀረበ። ጎረሰ። ጋሽ አንዴ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ዓሣው አልተፋም። አንዲት ቅንጣት በአፉ ጎን አመለጠችው፤ ዞሮ እሷንም ለቀመ።

አናጺው ቢጠብቅ ምላጩ አልመጣም። ፎጣውን እንዳነገተ፣ አረፋው በአንገቱ እየወረደ ተነሳና ከጋሽ አንዴ አጠገብ ቆመ። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ብዙ ቆዩ።

«አልጠገበም» አለ አናጺው። «ጨምርለት።»