የዲስክ ሐኪሟ ዓይን በታሰረ ጊዜ

ከልብስ ስፌት ቤቴ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ሴት የተበላሸ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሰፈሩ «የዲስክ ሐኪም» ይላታል፤ ሲያሳጥረው ሐኪሟ። ወደ እሷ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ነው የሚመጣው፤ የልጁ ፎቶ ወይ የሟች አባቱ ድምፅ ጠፍቶበት። እሷም ዲስኩን አስነስታ ጆሮዋን ታስጠጋና «አይዞህ፣ ገና ይተነፍሳል» ትለዋለች።

አንድ ቀን ሥራዋን እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት።

«ከተበላሸ ዲስክ የሚተርፉት ፋይሎች ስማቸውን ያጣሉ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ፎቶውም ዘፈኑም ቁጥር ብቻ ይዞ ይወጣል። ስም ቢኖረውም አይታመንም፤ ዘፈኑን ‹ፎቶ› ብሎ የሚሰይም ሞልቷል። እያንዳንዱ ዓይነት ግን አጀማመሩ ላይ የራሱ ምልክት አለው። እሱን ማንበብ ነው።»

«እኔ ጨርቁን ዳሰስ አድርጌ ሱፍ ነው፣ ጥጥ ነው እንደምለው?»

«እንደሱ። ብቻ እርስዎ ባለፈው ነጋዴው ‹ሱፍ ነው› ስላለዎት አምነው ገዙት» ብላ ሳቀችብኝ።

ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ራሷ ጻፈች። ስሙ «ማነህ» ነው። ጌጥ የለው፣ የሚጫኑት ሥዕል የለው። ጥቁር ስክሪን ላይ «ማነህ» ብለው የፋይሉን ስም ሲጽፉለት፣ በአንድ መስመር «ፎቶ»፣ «የድምፅ ቅጂ» ብሎ ይመልሳል። ካላወቀ «አላወቅኩትም» ይላል እንጂ አይቀባጥርም። ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመው፣ እንዲወስደው ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርጋ አስቀመጠችው። በመልክ የማታውቃቸው ሰዎች አዲስ አዲስ ምልክት ይልኩላታል፤ እሷ መርምራ፣ ሞክራ፣ ስትስማማበት ታስገባዋለች። የማስገቢያው ቁልፍ፣ በስሟ የሚሠራው የይለፍ ቃል፣ የነበረው በእሷ እጅ ብቻ ነው።

እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ገና የወተት ጥርሱ አልተነቀለም ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት። የጫማውን ክር ያሰረችለት፣ ኋላም ኪቦርድ ላይ ጣቱን ይዛ ያስለመደችው እሷ ናት። አድጎ፣ ጢም አውጥቶ፣ ትልቅ ድርጅት ከተቀጠረ በኋላ እንኳ «ማሙሽ» ነው የምትለው። እኔ ጋ ሸሚዝ ልታሰፋለት ይዛው ስትመጣ፣ «እጅጌውን ትንሽ ትርፍ ይተዉለት፣ ገና ያድጋል» ትለኛለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

ከዚያ ዓይኗ ታመመ። ቀዶ ጥገና አድርገውላት ሁለቱንም ዓይኖቿን በፋሻ አሰሩባት። ሱቁን ዘጋችው፤ «ማነህ» ግን እንደ ሱቅ ቆልፈውት የሚተኙ ነገር አይደለም። ማሙሽ ከሥራ ሲወጣ አልጋዋ አጠገብ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ሰዎች የላኩትን ለውጥ መስመር በመስመር ያነብላታል፣ እሷ ትራሷን ተደግፋ ታዳምጣለች። «እሱ ልክ ነው፣ አስገባው።» «እሱ ይቆየን፣ አላማረኝም።» ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ይህን አይቼ ቀናሁባቸው።

«አዩ ጋሼ» አለችኝ፣ ጉልበቱን በዳበሳ አግኝታ መታ መታ እያደረገች፣ «ዓይኔ ቢታሰርም ዓይን አላጣሁም።» የማስገቢያውን ቁልፍም ለእሱ የሰጠችው ያን ሰሞን ነው።

ፋሻው ተፈትቶ ሱቋን ከከፈተች በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤላት እንደገባሁ ስልኳ ጮኸ። እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር ድምፁን ለቀቀችው፣ እኔም ሰማሁ። ደዋይዋ በሌላ ከተማ ያለች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ አሮጌ ፋይሎቿን የምትለየው በ«ማነህ» ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ‹ማነህ› ሥራውን እዚሁ ኮምፒውተሬ ውስጥ አይደለም እንዴ የሚጨርሰው?»

«እዚያው ነው።»

«አዲስ ያወጣሽው ግን በከፈትኩት ቁጥር ወደ ውጭ መልእክት ሊልክ ይሞክራል። የፋይሎቼን ስምና ዓይነት ነው የሚልከው።»

«አይሆንም! እንዲህ ያለ ነገር ኮዱ ውስጥ የለም።»

«አለ እህቴ። ያስገባሽውም አንቺ ነሽ። ስምሽ ነው ያለበት።»

ኮዱን ከፈተችው። ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው የመሰለኝ። እሷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስደግፋ ወረደች፣ ወረደች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ይኸው፣ ወደ ውጭ የሚልከው» አለች። ከመስመሮቹ በላይ «የፊደል ግድፈት እርማት» ተብሎ ተጽፏል።

ማሙሽን ጠራችው። ገና ከበሩ ሲገባ ስክሪኑን አይቶ ገባው።

«እታለም፣ ላስረዳሽ» አለ። «ድርጅታችን ሰው ምን ዓይነት ፋይል እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ፈልጎ ነው። ፋይሉን አይከፍተውም፣ ስሙን ብቻ! ማንም አይጎዳም። አለቃዬ ‹እህትህ አይደለችም እንዴ፣ ምን ይከብድሃል› እያለ መቆሚያ መቀመጫ ነሳኝ።»

«በፋይል ስም ስንት የሰው ገመና እንዳለ ጠፍቶህ ነው? ‹የደም ምርመራዬ›፣ ‹የፍቺ ማመልከቻ›... እሱስ ይቅር። ይህን ያስገባህ ቀን አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠህ ያነበብክልኝ ምን ነበር?»

ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ምን ነበር?»

«ፊደል ነው ያስተካከልኩት አልኩሽ።»

«እኔስ ምን አልኩህ?»

መሬት መሬት እያየ፣ «‹ጎበዝ፣ አስገባው› አልሽኝ» አለ።

ትጮኽበታለች ብዬ ጠበቅኩ። «ሂድ» ብቻ አለችው። ከወጣ በኋላ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለች። ቆይታም፣ «ኮዱን መፋቅ ቀላል ነው ጋሼ። ድምፁ ነው ያቃጠለኝ። ሲዋሸኝ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ እሱን ብቻ ነበር የማዳምጠው፤ ውሸቱን ግን አልሰማሁትም» አለችኝ።

ኮዱን አጽድታ አዲስ አወጣች፤ የሆነውንም ለተጠቃሚዎቹ ልትናገር ተነሳች። አክስቷ ሰምታ ከች አለች።

«የእናትሽን ልጅ አደባባይ ልታወጪው ነው? ‹ኮምፒውተሩ ተሳሳተ› በያቸው፣ ማን ያውቅብሻል!»

«አክስቴ፣ የገባው በእኔ ስም ነው። ዝም ካልኩ ሰላይዋ እኔ ነኝ።»

ቁልፉን ለወንድሟ እንደሰጠች፣ ያደረገውም እሱ እንደሆነ፣ አሳልፋ ለሰጠችው ቁልፍ ግን ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ እንደሆነች ጻፈች። የታገሧት ነበሩ። ብዙዎቹ ግን «ተማክረው ያደረጉት ነው» ብለው ጥለዋት ሄዱ። ዕድሜዋን ያለ ክፍያ የደከመችበት ሥራ በአንድ ሳምንት መንገድ ላይ የተጣለ ጨርቅ ሆነ። ድርጅቱ ደግሞ «በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነው፣ አናውቅም» ብሎ ማሙሽን አባረረው። ያ አለቃው ስልኩን አላነሳለትም።

የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ግን አልሄደችም። አሁን ሁለተኛ ቁልፍ ይዛለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ «ማነህ» ውስጥ አንድ ነጥብ እንኳ አይገባም፤ ሐኪሟ ራሷ የጻፈችውም ቢሆን። ተጠቃሚውም ቀስ በቀስ መመለስ ጀምሯል።

ማሙሽ ከወራት በኋላ እኔን አስታራቂ ይዞ ሊታረቃት መጣ። እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዛ አቆመችው፣ «ይቅር ብያለሁ» አለችው፤ እውነቷን ነው። ዛሬ በእረፍት ቀኑ ይመጣል፤ ስለ አክስታቸው ጉልበት፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። አንድ ጊዜ «‹ማነህ›ስ እንዴት ነው?» ቢላት፣ «ደህና ነው» አለችውና ላፕቶፑን በቀስታ ከደነችው። እሱም ኮቱን አንስቶ ተሰናበተን።