አራሚው «ይውጣ» ሲል

አጎቴ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ሆኖ ሠርቷል። ሌሎች የለቀሙትን ፊደል እያነበበ በቀይ እስክሪብቶ ስሕተት ያድን ነበር። ሲናገር መሐል ላይ ቆም ብሎ ቃል ስለሚመርጥ ባልደረቦቹ «ነጠላ ሰረዝ» አሉት። ሚስቱም ለምዳው «ነጠላ ሰረዝ፣ ምሳ ቀርቧል!» እያለች ነው የምትጠራው።

ጡረታ ሲወጣ ድረ ገጽ ከፈትኩለት። ስለ ቃላት፣ ስለ ድሮው የእርሳስ ፊደል፣ ስለ ማተሚያ ቤቱ ቀልዶች ይጽፍበታል። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር በኢሜይል ይደርሳቸዋል። አንዷ የለቃሚው ልጅ ናት። ለቃሚው ማለት አጎቴ የሚያርመውን ገጽ፣ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድር የነበረው ሰው ነው። አሁን ዓይኑ ስለደከመ ልጁ ታነብለታለች። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከአጎቴ ጋር ዳማ ይጫወታል፤ ሲሰዳደቡ ሲሳሳቁ ይመሻል።

ችግሩ ኢንተርኔቱ ነበር። አጎቴ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ግማሽ ገጽ እንደጻፈ መስመሩ ይቋረጥና የጻፈውን ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ የጦማር መጻፊያ ፕሮግራም ጫንኩለት። ያለ ኢንተርኔት ጽፎ፣ አርሞ፣ መስመር ሲመጣ በአንድ ቁልፍ የሚልክበት ነው።

ፕሮግራሙ የድረ ገጹን አድራሻ ጠየቀ፤ ሞላሁ። የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ አጎቴ ፊቴን አዙሬ እንድቀመጥ አዝዞኝ በአንድ ጣቱ ቀጠቀጠው። ቀጥሎ፣ የድረ ገጹን መልክ ለማወቅ አንድ የሙከራ ጽሑፍ ለጥፌ ወዲያው ላንሳ ወይ አለ።

«ማነው የሚጽፈው?» አለ አጎቴ።

«ፕሮግራሙ።»

«በእኔ ስም? ሳላርመው?»

«ጋሼ፣ አምስት ሰከንድ እኮ ነው!»

«በአምስት ሰከንድ፣ ስንት ሰው ተዋርዷል መሰለሽ!»

እምቢ ስላለ ዘለልነው። ፕሮግራሙም ድረ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ አወረደ። የታተሙት ከላይ፣ ረቂቆቹ ከታች ተደረደሩ። ከረቂቆቹ አንዱ «ገጽ አርባ ሁለት» ይላል። አጎቴ ከስድስት ወር በፊት ጽፎ የተወው ነው። ከፈትኩለት። መነጽሩን ጠርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ነውር እንዳይሆንብኝ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ጣልኩ።

«ይውጣ» አለ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሮጦ አለቀ።

«በል እንኳን ደስ አለህ፣ ጋሼ! በአዲሱ ፕሮግራም የመጀመሪያህ ነው።»

«ምኑ ነው ደስ የሚለኝ? ጠፋ ወይ?»

«ለምን ይጠፋል? አወጣሁት እንጂ። ድረ ገጹ ላይ ነው።»

ፊቱ ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ እንጃ። በአራሚዎች ዘንድ ቃሉ ተሰምሮበት ጠርዙ ላይ «ይውጣ» ከተባለ፣ ተሰርዞ ይጣል ማለት ነው። ለአጎቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ለእኔ ደግሞ ጽሑፍ ወጣ ማለት ለሰው ታየ ማለት ነው።

«አንቺ ልጅ ገደልሽኝ!» አለ። መሐሉ ላይ ቆም አላለም፤ ባንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው።

ከድረ ገጹ ለማንሳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ኢሜይሉን ግን ማን ይመልሰዋል? የጽሑፉ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ስለነበር ያን ጊዜ አነበብኩት።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ለእናቶች የሚታደል የጤና መጽሐፍ ይታተም ነበር። ገጽ አርባ ሁለት ላይ «አንድ ማንኪያ» መባል የነበረበት መድኃኒት «አሥር ማንኪያ» ተብሎ ተለቀመ። አጎቴ ገጹን ሳያነብ ፈረመበት። አምስት ሺህ ቅጂ ታትሞ ገና ሳይታደል ስሕተቱ ታየና መጽሐፉ በሙሉ ተቃጠለ። ፊደል አሳስቶ መልቀም ማንንም አያስባርርም፤ የታረመን ሳያስተካክሉ ማለፍ ግን ያስባርራል። አለቃው ጠርቶ ከመጠየቁ በፊት አጎቴ የእርማት ወረቀቱን ከመደርደሪያ አወጣና «አሥር»ን በቀይ ሰረዘ። «እኔ አርሜ ነበር» አለ። አጎቴ በጽሑፉ «አንድ ባልደረባዬ» ብቻ ያለው ለቃሚው ተባረረ።

ያን ሁሉ ዳማ፣ ያን ሁሉ ሳቅ ሳስብ አጎቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ስልኩ ጮኸ። «አንሺው» አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ሰውዬ፣ አለህ?» አለ ለቃሚው።

«አለሁ።»

«ልጄ ስታነብልኝ፣ ግማሹ ላይ አቁሚ አልኳት። ልቤ ቀጥ ልትል ነበር። እውነት ነው?»

አጎቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «እውነት ነው።»



«እኔ እኮ» አለ ለቃሚው፣ «ያቺን ቀይ ምልክት እንዴት ሳላያት ቀረሁ ስል ነው የኖርኩት። የገዛ ዓይኔን ነው የጠረጠርኩት! ሌላ ማተሚያ ቤት ና ሲለኝ እንኳ፣ በስሕተቴ ሰው እገድላለሁ ብዬ ፈርቼ ቀረሁ። ለልጆቼ ጥፋቱ የኔ ነው ብያቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው በር ጠበቅኩ፣ አንተ!»

«ወንድሜ...»

«አሁን ወንድሜ አትበለኝ። ልጄ ድረ ገጹ ላይ ብትፈልግ አጣችው። አነሣኸው?»

«በስሕተት ነው፣ የወጣው።»

«በስሕተት የወጣሁትስ እኔ?» አለ ለቃሚው። «መልሰው! ደግሞ 'አንድ ባልደረባዬ' እያልክ አትለፈኝ። ስሜን ጻፈው፣ ከነአባቴ።»

አጎቴ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «አንድ ባልደረባዬ» የሚለውን ሰረዘና የለቃሚውን ስም በአንድ ጣቱ ፊደል በፊደል ጻፈ። ሁለቴ ተሳሳተ፤ ሁለቴም አረመ። ልረዳው እጄን ብዘረጋ ገፋ አድርጎኝ ቁልፉን ራሱ ተጫነው።

ከስልኩ ማዶ ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያም የልጅቱ ድምፅ ተሰማ። ከመጀመሪያው ጀምራ ታነብ ገባች። የአባቷ ስም ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«ቀጥይ» አላት።

አጎቴ ከወንበሩ ተነሣ። አንብባ እስክትጨርስ ድረስ ስልኩ ፊት ቆሞ ሰማ።