መሃሉ የሚሞቀው በቆሎ

ይህ የሆነው ዓምና፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ንዴቱ ግን ዛሬም ስጸልይ ሳይቀር ይመጣብኛል።

የምሠራው አዳማ ውስጥ የሕፃናት ገንፎ ዱቄት በሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። የሚገባውን እህል ጥራት የምመረምረው እኔ ነኝ። በቆሎ የጫነ መኪና ሲመጣ የኋላው ስፖንዳ ይከፈታል። በመውጊያ ብረት ከአምስት ጆንያ ናሙና አወጣለሁ፤ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ እርጥበቱን እለካለሁ፣ እፈርማለሁ። አምስቱም ሁልጊዜ ስፖንዳው አጠገብ ያሉት ናቸው። ስቀጠር ያሳዩኝ እንዲህ ነው።

የዚያን ቀንም አምስቱን ወጋሁ። በቆሎው ደረቅና ንጹሕ ነበር። ልፈርም ብዕሬን ሳወጣ የአውራጆቹ አለቃ ኦቦ ቶሎሳ ጠጋ አሉኝ። ጀርባቸው በሸክም የጎበጠ ሽማግሌ ናቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የዚህ ነጋዴ በቆሎ መሃሉ ይሞቃል» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እንዴት ዐወቁ?»

«ስንሸከመው ጀርባችንን ያሞቀዋላ! ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም።»

እህል የሚሞቀው ረጥቦ መሻገት ሲጀምር ነው። ብዕሬን መለስኩ። መሃሉን ሳላይ አልፈርምም አልኩ።

የመጋዘኑ ኃላፊ እየተጣደፈ መጣ። «ምን ሆነሻል? ወፍጮው ቆሞ እየጠበቀ ነው!»

«የሚበሉት ሕፃናት ናቸው» አልኩት።

«እህት ዓለም፣ ስብከቱን ለእሑድ አቆዪልን። አምስት ጆንያ ተባለ፣ አምስት ወጋሽ። ፈርሚ! አንቺ እምቢ ካልሽ የሚፈርም አይጠፋም።»

ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የማሳድጋቸው ብቻዬን ነው። በልቤ ጌታን ጠራሁና ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ቀረሁ።

ኦቦ ቶሎሳ መኪናው ላይ ወጡ። ጓደኞቻቸውም ተከተሏቸው። ለምርመራ ተብሎ ለሚወርድ ጆንያ ማንም እንደማይከፍላቸው ያውቃሉ። ሠላሳ ያህል አውርደው ወደ ውስጥ የምገባበት መንገድ ከፈቱልኝ። እጄን በመሃለኞቹ ጆንያዎች መካከል ባስገባ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል። ወጋሁት። የወጣው እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ የለበሰ በቆሎ ነው።

ሹፌሩ ሳቀ። «ምን ይገርማችኋል? ወጊዋ የምታየው መጨረሻ ላይ ይጫናል። አገር ያወቀው ነገር ነው።»

አገር ያወቀውን ያላወቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ፈራሚዋ።

አልፈረምኩም፤ መኪናው እንደጫነ ሊመለስ ሆነ። ኃላፊው ወደ ቢሮው ገባ። እኔ ኦቦ ቶሎሳን ተቆጣኋቸው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀን?» አሉ፣ ጆንያውን መልሰው እያነሡ።

አፈርኩ። ለሁለት ዓመት በየቀኑ ሰላምታ ስንለዋወጥ አንድ ቀን ስለ ሸክማቸው ጠይቄያቸው አላውቅም።

አሁን ከላይም ከታችም ከመሃልም እወጋለሁ፤ አውራጆቹንም ሳልጠይቅ አልፈርምም። ለኦቦ ቶሎሳ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ኃላፊውን ይቅር ለማለት እየጸለይኩ ነው፤ ገና አልሆነልኝም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት በእኔ ፊርማ የገቡት መኪኖች ናቸው። ዱቄቱ ተሽጧል፣ ተበልቷል። የማን ልጆች እንደበሉት አላውቅም፤ ሄጄ እግራቸው ላይ የምወድቅላቸውን እናቶች እንኳ አላውቃቸውም።