ሰይጣን ሆኖ የተጫወተው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜን የሰፈር ልጆች «ሰይጣኑ» ይሉት ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የድራማ ቡድን ውስጥ ሰይጣን ሆኖ የሚጫወተው እሱ ስለነበረ ነው።

ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ የፕላስቲክ ዕቃ የምንሸጥበት ሱቅ አለን። አባታችን ከሞተ በኋላ ሱቁን የያዘው ወንድሜ ነው። ረጅም ነበር፤ ድምፁ ወፍራም። ልጆች ሳለን ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቪዲዮ ቤት ሾልከን እየገባን ቄሶች መስቀል ይዘው ጭራቅ የሚያባርሩባቸውን የውጭ ፊልሞች እናይ ነበር። እኔ ዐይኔን በሹራቤ ስሸፍን እሱ አፉን ከፍቶ ያያል። «ዐይንሽን መሸፈን ምን ያደርግልሻል? ጆሮሽን ድፈኚ እንጂ፤ የሚያስፈራው መልኩ አይደለም፣ ድምፁ ነው» ይለኛል። ቤት ስንገባ ያንን ድምፅ እየሠራ ያሯሩጠኝ ነበር።

ስለዚህ የድራማ ቡድኑ ሰይጣን ሲፈልግ ብዙ አልደከመም። መጀመሪያ መድረክ ላይ፣ ቀይ አንሶላ ለብሶና ፊቱን ከሰል ተቀብቶ ተጫወተ። ምእመናኑ ሲጮሁበት ደስ ይለው ነበር። በኋላ ሠርግ የሚቀርጽ አንድ የቡድኑ አባል መንፈሳዊ ፊልም ሠራ። የወንድሜን ዐይን በኮምፒውተር ደም አስመሰለው፤ ከሳቁ ሥር እንደ ነጎድጓድ የሚያጉረመርም ሙዚቃ ጨመረበት። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ወጣና በየስልኩ ገባ።

ከዚያ በኋላ ልጆች ይሸሹት ጀመር። አንድ ቀን የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ጆግ ልትገዛ መጥታ ከባንኮኒው ጀርባ ስታየው እሪ አለች። ወጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። «እኔ ነኝ እኮ የኔ እናት፣ የሱቁ ጋሼ» አላት። ሮጣ ሄደች። እናቷ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችና፣ «ለጊዜው ስትመጣ ዞር በልላት» አለችው። እሺ አለ። ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

በሽታው የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ቀትር ላይ ሱቅ ውስጥ ሳፋ እያወረደ ሳለ ወደቀ። ሰውነቱ ተገተረ፣ ተንፈራገጠ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ። እኔ ራሱን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ እንጂ ማንም አልገባም። አንዲት ሴት፣ «ይኸው! በተጫወተበት በር ገባበት» ስትል ሰማሁ። ሮጣ የደረሰችው እናቴም ሰማች።

ሐኪም ቤት እንውሰደው አልኳት። «አባታችሁን ሐኪም ቤት አስገብቼ ሬሳውን ነው የመለሱልኝ» አለችኝ። እናቴ መሃይም አይደለችም። ፈርታ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ አካባቢ በትልቅ ድንኳን ወደሚካሄድ የጸሎት ፕሮግራም ወሰደችው። እኔም አብሬ ሄድኩ። በየማዕዘኑ ካሜራ ተተክሏል። ጸሎቱን የሚመራው አገልጋይ ማይክሮፎኑን ወደ ወንድሜ አፍ አስጠጋ።

«ማን ነህ?»

«የሷ ልጅ ነኝ» አለ፣ እናቴን እያሳየ።

«አትዋሽ! ማን ነህ?»

«የታመምኩ ሰው ነኝ፣ ጌታዬ።»

አገልጋዩ ግንባሩን ይዞ ገፋው። ሁለት ወጣቶች ክንዱን ያዙት። ደጋግሞ ጠየቀው፤ ሕዝቡ «ውጣ! ውጣ!» ይላል። ወንድሜ ላቡ ጠብ እያለ ወደ እናቴ አየ። አፈር ላይ ተንበርክካ፣ እጇን ዘርግታ ታለቅሳለች። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ። «እወጣለሁ! አቃጠላችሁኝ፣ እወጣለሁ!» ብሎ ጮኸና በጀርባው ወደቀ። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ።

በባጃጅ ስንመለስ እናቴ እጁን ይዛ እስከ ቤት ድረስ ዘመረች።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን፣ «ትናንት ያ ድምፅ…» አልኩት።

«አወቅሽው?»

«እንዴት አላውቀው!»

ሳፋዎቹን መደርደሩን አላቆመም። «እማዬን አላየሻትም? ካልወጣልኝ ከዚያ አትነሳም ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ምን አውቃለሁ? ይቺን ነው የማውቃት» አለኝና ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠና ፊቱን አዞረ።

የፕሮግራሙ ሰዎች ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ፊቱን አቅርበው፣ ንግግሩን አዘግይተው፣ ቀይ ጽሑፍ አሳልፈውበት። አንዴ አየው። «ሙዚቃውን ከኛ ፊልም ነው የወሰዱት» ብቻ አለ። በዚያው ሰሞን ሽማግሌ የላከባት ልጅ ቤተሰቦች መልስ ላኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለታየበት ሰው ልጃችንን አንሰጥም ብለው። ልጅቷን ይወዳት ነበር። ስለ እሷ ሁለተኛ አላነሳም።

መውደቁ ግን አልቀረም። በመጨረሻ እኔና እሱ ለእናቴ ሳንነግር ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ የሚጥል በሽታ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳችን፤ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ሰጠችው፤ ውሃና እሳት አጠገብ ብቻህን አትሁን አለችው። እናቴ ግን በየጉባኤው እየቆመች ስለ ልጇ መፈወስ ትመሰክር ነበር። ፊቷ በርቶ፣ ከአባታችን ሞት ወዲህ አይተነው በማናውቀው ደስታ። እሱም ያንን ማፍረስ አልሆነለትም። መድኃኒቱን እንዳታይበት ሱቅ ውስጥ ይውጥ ነበር፤ ሱቅ ሲዘጋ ይዘለዋል።

አንድ የበዓል ሰሞን ሱቃችን ለቀናት ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ልታጠብ ብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ዓሣ አጥማጆች በጀልባቸው አወጡት። ውሃው ከወገብ አያልፍም ነበር።

ለቅሶ ቤት የመጡት ሰዎች ሲንሾካሾኩ እንሰማ ነበር። የወጣው መንፈስ ሰባት ጨምሮ ተመለሰ አሉ። እናቴ አንገቷን ደፋች።

የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ነው የጠየቀችኝ። ልብሱን እያጠፍን ነበር።

«እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን ልጄ ላይ ነበረበት?»

«አልነበረበትም፣ እማዬ። ታሞ ነው።»

«የጮኸውስ?»

«አንቺ እንድታርፊ ብሎ ነው።»

የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ በመዳፏ ስትዳብሰው ቆየች። አላለቀሰችም። ሲነጋ ነጠላዋን ለብሳ ቪዲዮውን የለቀቁት ሰዎች ዘንድ ሄደች። እንዲያጠፉት ለመነቻቸው። ብዙ ሰው ተባርኮበታል አሏት። ደግማ ሄደች። የካሜራ ሥራ የሚሠራ አንድ ልጅ አዝኖላት እውነቱን ነገራት፤ «እማማ፣ እኛ ብናጠፋውም በየሰዉ እጅ አለ።»

ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ጎረቤት ቤት ተቀምጠን ቴሌቪዥኑ ላይ እንደዚያ ያለ ፕሮግራም ሲጀምር፣ አገልጋዩ «ማን ነህ?» ከማለቱ በፊት ተነሥታ ትወጣለች። ተከትያት እወጣለሁ። ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ስለ ሱቁ ታወራኛለች።