የጾም ኬክ

የባሌ ታላቅ እህት ሳን ሆዜ ትኖራለች። ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» እላታለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታው ይቅርባት።

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የጽዋ ማኅበርተኞቹ ቤቷ ተሰብስበን ሳለ ሻይዬን ነጣ ብሎ አየችው። «ኦት ሚልክ ነው እትዬ፣ ከአጃ የሚሠራ ወተት» አልኳት።

«ሚልክ ሚልክ ነው!» ብላ ኩባያውን ከእጄ ነጥቃ ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ወዲያ በማኅበሩ ምግብ የማምጣት ተራዬ ሲደርስ «አንቺ አትድከሚ፣ ሌላ ሰው ያምጣ» ይሉኝ ጀመር። ኦክላንድ ቤቴ ያበሰልኩትን ጾመኛ አይነካውም ማለት ነው። አንጀቴ አረረ።

እሷ በዚያው ጾም ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ የሚባል የባሕር ዳርቻ ሄደች። ስትመለስ ወሬዋ ሁሉ የጥንቱ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያንና የዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ሆነ። «ደግሞ ኩዊኝ አማን የሚባል የጾም ኬክ አላቸው! አማን፣ ሰላም ማለት እኮ ነው። በየቀኑ እሱን እየበላሁ ጾሜን ጠበቅኩ።» ሁሉም አደነቃት። እኔ ግን ስልኳ ላይ ባሳየችን ፎቶ የኬኩ ወዝ አላማረኝም።

ሐምሌ ላይ ባሌ «ለቫኬሽን የት እንሂድ?» ሲለኝ፣ ተናግሮ ሳይጨርስ «ብሪታኒ» አልኩት። እሱ የድሮውን ግንብና ጀልባዎቹን ሲያይ እኔ ዳቦ ቤት ገባሁ። ሻጯን በስልኬ እያስተረጎምኩ ጠየቅኳት። በአካባቢው ቋንቋ «ኩዊኝ» ኬክ ነው አለችኝ። «አማንስ?» ስላት ጓዳ ገብታ ጡብ የሚያህል ቅቤ ይዛ ወጣች። እዚያው እልል ልል ትንሽ ቀረኝ።

አንዱን ኬክ አስጠቅልዬ ስመለስ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እሑድ ዕለት፣ እነዚያው ሰዎች እዚያው ሳሎን በተሰበሰቡበት፣ «እትዬ፣ አማንዎን አመጣሁልዎት» ብዬ ፊቷ አስቀመጥኩት።

«የጾም ነው፣ ብሉ!» እያለች ቆራረሰችው። የመጀመሪያውን ራሷ ጎረሰች። እስክትውጥ ጠበቅኩ። ሳህኑን አጠገቧ ለተቀመጡት አሮጊት ልታቀብል ስትል ከእጇ ነጠቅኳት።

«ሚልክ ሚልክ ነው ብለውኝ አልነበር?» አልኳት። «አማን ደግሞ ባገሩ ቋንቋ ቅቤ ነው።»

እሷ ብድግ ብላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ደስ አለኝ፤ ምንም አላዘንኩላትም። አሮጊቷ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«የዚያን ቀኑ ሻይሽ እውነት ከአጃ ነበር?»

«ከአጃ ነው እማማ።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ተራው ያንቺ ነው።»

ለመመለስ አፌን ስከፍት፣ ከወጥ ቤት የውሃ ድምፅ ሰምቼ ዞርኩ። እትዬ ሻይዬን የደፋችበት ሲንክ ላይ አጎንብሳ አፏን ትጉመጠመጥ ነበር።