አማርኛውን ያጠፋነው እኛ ነን

«ልጄ፣ መዝገቡ ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየኝ! አንዷ ሠራተኛ ልጅ በትኩሳት ራሷን ስታለች!»

ዛሬ ጠዋት የደወሉልኝ ቦሌ ለሚ ያለ የልብስ ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ፣ ሲስተር አልማዝ ናቸው። የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌራቸውን የምንሠራው እኛ ነን፣ ገርጂ።

ወዲያው ገባኝ። ሶፍትዌር ስናሽግ ምን ይግባ ምን ይቅር ብለን የምናበራቸውና የምናጠፋቸው አማራጮች አሉ። የሥራ ባልደረባዬ ዮናስ ትናንት ኔትወርኩ ደካማ ነው ብሎ ጥቅሉን ሲያሳንስ የአማርኛውን ፊደል አጥፍቶታል፤ ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። (አዎ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠን አማርኛ «አማራጭ» ነው።)

«ሲስተር፣ እባክዎ እስክንደርስ መድኃኒት እንዳይሰጧት» አልኩ።

አማራጩን አብርተን እንደገና ማሸግ ጀመርን። አያልቅም! ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ዮናስ ጥፍሩን ይበላል።

እንዳለቀ ፍላሽ ይዘን በላዳ በረርን። መንገዱ እንደተለመደው ተቆፍሯል። ሹፌሩን ስንቴ «ቶሎ በል» እንዳልኩት እንጃ።

ስንደርስ ልጅቷ ነቅታለች፣ ላብ አጥምቋታል። ሶፍትዌሩን ስንጭነው መዝገቧ ተነበበ፦ «ፔኒሲሊን አይስማማትም።»

ሲስተር ያዘጋጁትን የፔኒሲሊን መርፌ ወደ ጎን አደረጉት። ሌላ መድኃኒት ሰጧትና ወደኛ ዞሩ።

«ፊደሉን ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዮናስ።

«በል፣ ሌላ ጊዜ ከማጥፋትህ በፊት እኔን ጠይቀኝ።»

እናንተስ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ «አያስፈልግም» ተብሎ የጠፋባችሁ ነገር አለ? እስቲ ንገሩኝ።